«አንዴ ታምሜያለሁ» ብሎ መዘናጋት የማያዋጣበት ትኩሳት

ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዳግም አይያዘውም። ይህን እናቶቻችን መጽሐፍ ሳያገላብጡ ያውቁት ነበር። ከዚህ የተነሳ «ታምሜ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ አይነካኝም» የሚለው እምነት በብዙዎቻችን ውስጥ ሥር ሰዷል። እምነቱ ለበርካታ በሽታዎች ይሠራል። ለደንጊ ትኩሳት ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ አንዳንዴ ሕይወት ያስከፍላል።

ደንጊ ለአገራችን ሩቅ በሽታ መሆኑ ካበቃ ሰንብቷል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ በወረርሽኝ መልክ ሲከሰት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን አሟል። ከዚያ ወዲህ በሶማሌ ክልል ጎዴ ታይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ክልል ሎጊያና ሚሌ አካባቢ ተቀስቅሷል። በዓለም ደረጃም ነገሩ እየከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት የተደረገው የደንጊ ታማሚ ቁጥር ከ14 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በሽታው ከአንድ ጊዜ በላይ በጎበኛቸው ከተሞች ቀድሞ የታመሙት ነዋሪዎች ዛሬ ከሌላው ይልቅ የተጠበቁ ናቸው ወይስ ይበልጥ የተጋለጡ? መልሱን ለማግኘት ሰውነታችን ቫይረስን እንዴት እንደሚዋጋ፣ ውጊያውም አንዳንዴ እንዴት እንደሚገለበጥ ማየት ያስፈልጋል።

ጠባቂው ለሌባው በር ሲከፍት

አንድ ቫይረስ ወደ ሰውነታችን ሲገባ የመከላከል ሥርዓታችን ያንኑ ቫይረስ ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። አንቲቦዲ ቅርጹ እንደ ባላ እንጨት ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎቹ ቫይረሱን ይይዛሉ፤ ግንዱ ደግሞ ቫይረስና ባክቴሪያን እየዋጡ በሚያጠፉ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ይሰካል። እነዚህ ዋጭ ሴሎች አንቲቦዲ የያዘውን ቫይረስ ወደ ውስጥ ስበው ይፈጩታል። በተለመደው መንገድ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሰውዬውም ይድናል።

በደንጊ ግን ሁለት ነገሮች ይህን ሥርዓት ያዛቡታል። የመጀመሪያው፣ የደንጊ ቫይረስ መራባት የሚወደው በእነዚሁ ዋጭ ሴሎች ውስጥ መሆኑ ነው። ሌላው ቫይረስ የሚፈራውን ቤት ደንጊ ይመኘዋል። ሁለተኛው፣ ደንጊ አንድ ቫይረስ ሳይሆን አራት ወንድማማች ዓይነቶች ያሉት መሆኑ ነው። አራቱ ይመሳሰላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም።

በአንደኛው ዓይነት የተያዘ ሰው ለዚያ ዓይነት ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ መከላከያ ያገኛል። ከሌሎቹ ሦስቱ የሚጠበቀው ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜው አልፎ ሌላ ዓይነት ሲመጣ የቀድሞው አንቲቦዲ አዲሱን ቫይረስ በመልኩ ስለሚያውቀው ይይዘዋል፤ ነገር ግን በደንብ ስለማይገጥመው ወይም መጠኑ ስላነሰ ሊያመክነው አይችልም። ግንዱ ግን ሥራውን አይረሳም። ከዋጭ ሴሉ ጋር ተያይዞ ቫይረሱን ከነሕይወቱ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቫይረሱም ሳይፈጭ አምልጦ እዚያው መራባት ይጀምራል። ዘበኛው ሌባውን እጁን ይዞ፣ በር ከፍቶ፣ ጓዳ ድረስ እንዳስገባው ማለት ነው።

ውጤቱ ከመጀመሪያው ሕመም የበዛ ቫይረስና የተቆጣ የመከላከል ሥርዓት ነው። የተወረሩት ሴሎች የሚለቁት የማንቂያ ኬሚካል ከልክ ያልፋል። የደም ሥሮች ግድግዳ ይሳሳል፤ የደም ፈሳሽም ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ ይፈሳል። የደም ግፊት ይወርዳል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቁጥራቸው ይቀንሳል። ሐኪሞች ጽኑ ደንጊ የሚሉት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ነገር አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ደንጊ የያዘው ሁሉ በጽኑ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ደንጊ ከሚያማቸው 20 ሰዎች ገደማ አንዱ ነው ወደ ጽኑ ሕመም የሚሸጋገረው። ለሁለተኛ ጊዜ በሌላ ዓይነት መያዝ ግን ይህን ዕድል ከፍ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሕፃናቱ የሰጡት ፍንጭ

ይህ ነገር እንዴት ታወቀ? አሜሪካዊው ሐኪም ስኮት ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታይላንድ ባንኮክ ሲሠሩ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። በጽኑ ደንጊ የሚታመሙት ሕፃናት በሁለት ወገን የተከፈሉ ነበሩ። አንደኞቹ ከዚህ ቀደም በሌላ ዓይነት ደንጊ የተያዙ ልጆች ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ገና ዓመት ያልሞላቸውና ደንጊ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛቸው ጨቅላዎች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሕፃን እንዴት እንደ ሁለተኛ ጊዜ ታማሚ ይሆናል?

መልሱ ያለው እናት ዘንድ ነው። ደንጊ ይዟት የሚያውቅ እናት አንቲቦዲዋን በእርግዝና ጊዜ በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጇ ታስተላልፋለች። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ስንቅ ብዙ ስለሆነ ይጠብቀዋል። ከወር ወደ ወር ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ ገደማ አንቲቦዲው ቫይረሱን ለማምከን የሚያንስ፣ ወደ ሴሉ ይዞ ለመግባት ግን የሚበቃ መጠን ላይ ይደርሳል። አደጋው የሚጎላው በዚህ መሐል ነው። ከዚያ በኋላ ስንቁ ጨርሶ ሲያልቅ አደጋውም አብሮ ይቀንሳል። (የምታጠባ እናት ይህን አንብባ እንዳትሰጋ፤ የተነገረው በእርግዝና ጊዜ ስለሚተላለፈው አንቲቦዲ ነው። ጡት ማጥባት በምንም ምክንያት መቋረጥ የለበትም።)

በኒካራጓ ከ6 ሺህ በላይ ሕፃናትን ለ12 ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም ይህንኑ በሰው ላይ አረጋግጧል። የአንቲቦዲያቸው መጠን ከፍተኛ የሆነ ልጆች የተጠበቁ ነበሩ። ምንም የሌላቸውም ለጽኑ ሕመም እምብዛም አልተጋለጡም። ከፍተኛው አደጋ የታየው መጠኑ መካከለኛ ሆኖ በተገኘባቸው ላይ ነው። ጉዳዩ ያለው አንቲቦዲ በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ላይ ሳይሆን፣ በመጠኑና በገጣሚነቱ ላይ ነው።

ኩባ፦ ሁለት ወረርሽኝ፣ ሁለት ትውልድ

ከሁሉ የሚያሳምነው ማስረጃ የመጣው ከኩባ ነው። ደሴቲቱን እ.ኤ.አ. በ1977 ደንጊ ዓይነት 1 ወረራት። ሕመሙ ቀላል ስለነበር ብዙ አላስደነገጠም። ከአራት ዓመት በኋላ በ1981 ዓይነት 2 ገባ። በዚህኛው ከ344 ሺህ በላይ ሰዎች ሲታመሙ 158ቱ ሞቱ፤ ከእነዚህም 101ዱ ሕፃናት ነበሩ።

ኩባ ትንኙን በብርቱ ዘመቻ ተዋግታ በሽታውን ለብዙ ዓመታት አስወገደችው። በ1997 ዓይነት 2 በሳንቲያጎ ደ ኩባ ከተማ ዳግም ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ የሞቱት 12 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አዋቂዎች ነበሩ። ሕፃናቱ በቫይረሱ ቢያዙም ጽኑ ሕመም አልደረሰባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ1981 በኋላ የተወለዱት ልጆች ዓይነት 1ን አያውቁትም፤ አሮጌ አንቲቦዲም የላቸውም። ወላጆቻቸው ግን ከ20 ዓመት በፊት የያዛቸውን በሽታ ትዝታ በደማቸው ተሸክመው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ወረርሽኝ ቀላል መሆኑ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛ፣ አደጋው በአንድና በሁለት ዓመት የሚረሳ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ቆይቶም ሊነሳ ይችላል።

ክትባቱና የፊሊፒንስ ትምህርት

ይህ እውቀት የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሳነው ነበር። በክትባት ላይ ግን ከባድ ዋጋ አስከፍሏል።

የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ ዴንግቫክሲያ የተባለውን የመጀመሪያ የደንጊ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ፈቃድ አስገኘለት። ፊሊፒንስ በ2016 ለተማሪዎች መስጠት ጀመረች፤ ከ800 ሺህ በላይ ልጆችም ተከተቡ። በኅዳር 2017 መጨረሻ ግን ኩባንያው ራሱ፣ ክትባቱ ደንጊ ይዟቸው ለማያውቁ ሰዎች በኋላ ላይ የከፋ ሕመም ሊያመጣ እንደሚችል አስታወቀ። መንግሥትም ወዲያው ዘመቻውን አቆመ።

ቁጥሩን በሰከነ መንፈስ እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስረዳው፣ ደንጊ ይዟቸው ከማያውቁ 1 ሺህ የተከተቡ ሰዎች መካከል በ5 ዓመት ውስጥ 4 ያህሉ በጽኑ ደንጊ ሲታመሙ፣ ካልተከተቡት አቻዎቻቸው መካከል ግን ሁለት አይሞሉም። በሌላ በኩል ቀድሞ ደንጊ ይዟቸው በሚያውቁት ዘንድ ክትባቱ በእጅጉ ጠቅሟል፤ ካልተከተቡ 1 ሺህ ሰዎች 5 ያህሉ ለጽኑ ሕመም ሲዳረጉ ከተከተቡት ግን አንድ እንኳ አይሞላም። ያው አንድ መርፌ ለአንዱ ጋሻ፣ ለሌላው ወጥመድ ሆነ ማለት ነው። ደንጊን ለማያውቅ ሰውነት ክትባቱ እንደ «መጀመሪያው ሕመም» አገለገለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው እውነተኛ ቫይረስም እንደ ሁለተኛ ተቆጠረ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ምክሩን አስተካክሎ፣ ይህን ክትባት የሚወስድ ሰው ቀድሞ የደም ምርመራ እንዲያደርግ አሳሰበ። በፊሊፒንስ ግን ጉዳቱ በደንጊ ብቻ አልቆመም። በ2015 ክትባት አስፈላጊ መሆኑን በጽኑ የሚያምኑት 93 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በ2018 ወደ 32 በመቶ ወረዱ። በ2019 አገሪቱን ለመታው የኩፍኝ ወረርሽኝም ይህ የእምነት መሸርሸር ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ወላጆች አንዱን ክትባት ሲፈሩ ሁሉንም ሸሹ። የኩፍኝ ክትባት ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው «ክትባት ያሳምማል» የሚል መደምደሚያ ላይ እንዳይደርሱ አደራ እንላለን። አንቲቦዲ በአብዛኛው ባለውለታችን ነው። ከኩፍኝ፣ ከፖሊዮ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከእብድ ውሻ በሽታ የሚያድነን እሱ ነው። በኮቪድ ጊዜም ክትባቱ ይህን የመሰለ መዘዝ ያመጣ ይሆን የሚል ስጋት በሰፊው ተነስቶ ነበር፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ተከትበው ግን ስጋቱ እውን አልሆነም። የደንጊ ጠባይ የደንጊ ነው፤ በሌላው ላይ አይለጠፍም።

አሁን ሌላ አማራጭ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ኪውደንጋ የተባለውን ሁለተኛ ክትባት፣ በሽታው በሚጠናባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩ ከ6 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች እንዲሰጥ መክሯል። የሚሰጠው በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሆን የቅድሚያ የደም ምርመራ አይጠይቅም። በሽታው በሚጠናበት ስፍራ ብሎ መወሰኑ በራሱ ከፊሊፒንስ የተወሰደ ትምህርት ነው፤ በዚያ አካባቢ አብዛኛው ልጅ ቫይረሱን ቀድሞ ስለሚያውቀው ጥቅሙ ያመዝናል።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

ለአገራችን የሚወጣው ትርጉም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር «ደንጊ ነው» ብሎ ማረጋገጥ ብቻውን አይበቃም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅና መመዝገብ ያስፈልጋል። ትናንት አንዱ ዓይነት በነበረበት ከተማ ዛሬ ሌላው ከገባ፣ ሆስፒታሎች ለጽኑ ሕመምተኛ አልጋና ግሉኮስ ቀድመው ማዘጋጀት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ወደፊት የደንጊ ክትባት ወደ አገር ይግባ ቢባል፣ በየአካባቢው ምን ያህሉ ሰው ቀድሞ እንደተያዘ በደም ጥናት ማወቅ ከመርፌው የሚቀድም ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ጥቅሙም ስጋቱም ለሕዝብ ከመጀመሪያው በግልጽ ይነገር። ፊሊፒንስን የጎዳት የክትባቱ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ ወሬው የደረሰው ልጆቹ ከተከተቡ በኋላ መሆኑም ጭምር ነው።

ከውጭ የሚመለሱ ወገኖቻችንም መታሰብ አለባቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሳዑዲ ዓረቢያዋ ጅዳ ደንጊ ለረጅም ዓመታት የሚታይባት ከተማ ናት። እዚያ ሳሉ ትኩሳት ይዟቸው የነበሩ ሰዎች እዚህ ዳግም ሲያተኩሳቸው ይህንኑ ለሐኪም መንገር ይኖርባቸዋል።

ትኩሳቱ ሲበርድ ነው ጥንቃቄው

ደንጊ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ማቅለሽለሽና ሽፍታ ያስከትላል። በቆላማ አካባቢ ከወባ ጋር በቀላሉ ይምታታል። የወባ ምርመራ ውጤት «የለም» ካለ ወደ ቤት መመለስ ሳይሆን «ታዲያ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የብዙ ሰው ስህተት ትኩሳቱ ሲወርድ «ተሻለኝ» ብሎ መዘናጋት ነው። ጽኑ ደንጊ ራሱን የሚያሳየው ግን ሕመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 7 ባለው ቀን፣ ትኩሳቱ በሚበርድበት ሰዓት ነው። በተለይ ከዚያ በኋላ ያሉት 24 እና 48 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• ብርቱ የሆድ ሕመም
• የማያቋርጥ ትውከት
• ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም መፍሰስ፤ በትውከት ወይም በሰገራ ደም መታየት
• ፈጣን ትንፋሽ
• ከልክ ያለፈ ድካም ወይም መቁነጥነጥ
• የቆዳ መገርጣትና መቀዝቀዝ፣ ብርቱ የውኃ ጥም

ለደንጊ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ነገር ግን በጊዜው በተመጠነ መልኩ ፈሳሽ የተሰጠው ታማሚ ይድናል፤ ተገቢ ክትትል ባለበት የጽኑ ደንጊ ሞት ከ1 በመቶ በታች መውረድ ይችላል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን መዘግየት ነው።

ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞልን በታዘዘው መጠን ይውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን የመድማት አደጋን ስለሚጨምሩ ይራቁ። «ቁርጥማት ነው» ብለው ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ መርፌ አይጠይቁ። ውኃ፣ ጭማቂ፣ ሾርባና ኦ.አር.ኤስ. ደጋግመው ይጠጡ። ሐኪም ሲያገኙም «ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞኝ ነበር» ወይም «ወረርሽኝ በነበረበት ዓመት ትኩሳት አሞኝ ነበር» ማለትን አይርሱ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ክትትሉን ልትቀይረው ትችላለች። ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለዎት ደግሞ የእናቱም ታሪክ ይነገር።

በርሜሉ ላይ ክዳን

አራቱንም የደንጊ ዓይነቶች የምታስተላልፈው አንዲት ዓይነት ትንኝ፣ ኤደስ፣ ናት። የምትነድፈው በቀን ነው፤ በተለይ በማለዳና ጀምበር ከመጥለቋ በፊት። የምትራባው ደግሞ በቤታችን ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። ቧንቧ በሚቆራረጥባቸው ሞቃታማ ከተሞች በርሜል፣ ሮቶና ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ስለሆነ፣ ማጠራቀሙን ሳይሆን ክዳን አልባነቱን እንዋጋው።

ውኃ የያዘ ዕቃ ሁሉ በሚገባ ይከደን። በሳምንት አንድ ጊዜ በርሜሉ ባዶ ሲሆን የውስጥ ግድግዳው በብሩሽ ይፈግፈግ፤ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። የትንኟ እንቁላል በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ለወራት በደረቁ ሊቆይና ውኃ ሲያገኝ ሊፈለፈል ይችላል። አሮጌ ጎማ፣ ጣሳና የተሰበረ ዕቃ ይወገድ። ታማሚ በቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ትንኟ ከእሱ ነድፋ ወደ ቤተሰቡ እንዳታሻግር። ይህ ጥንቃቄ ለወባም ይበጃል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን መኖሯ የታወቀው አዲሷ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ፣ የምትራባው በዚሁ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው ደንጊ ቀላል ሆኖ ያለፈልዎ ከሆነ እሰየው። ነገር ግን ሰውነትዎ የያዘው ትዝታ ለቀጣዩ ጋሻ ይሁን መንገድ መሪ ከወዲሁ ማወቅ አይቻልም። በእጅዎ ያለው ትንኟን መከላከልና ትኩሳቱ ሲበርድ መንቃት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው። ዛሬ ማታ በርሜልዎ መከደኑን ይዩ፤ ጎረቤትዎንም ያስታውሱ።